ደም ሲፈስ ቡና መነስነስ ያድናል ወይስ ጉድ ይሰራል? የድሬና የሐረር ልጆች ኑማ

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን እኛ ሰፈር ካለ መስታወት ቤት አንድ ልጅ መስታወት አምልጦት ክንዱን ከአንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ ቆረጠው። ደሙ ዝም ብሎ ሚንጠባጠብ አይነት አይደለም፣ እየዘለለ ነው ሚወጣው። ከዛ ሁሉም ሀኪም ሆነ አይገልጸውም። ግማሹ ቡና አምጡ ይላል፣ ግማሹ እጁን ወደላይ አንሱት፣ አንዱ ሲባጎ ፈልጎ መጥቶ ጥፍር አርጎ አሰረው፣ አንዲት እናት ደሞ ውሃ አጠጡት ልጄን ውሃ አጠጡት እያሉ ይጮሃሉ። ልጁ ወረቀት መስሎ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ያያል። በመጨረሻ ቡናው አሸነፈና ግማሽ ጣሳ ተደፋበት፣ ባጃጅ ላይ ጫኑት፣ ተሰፍቶ አሁን ደህና ነው። ግን ቁስሉን ያጠበው ባለሙያ ቡናውን እየለቀመ ሲያወጣ ሲበሳጭ ነበር አሉ። ቡናው ነው ያዳነው ወይስ ባይኖር ይሻል ነበር? ሰፈራችን ክርክሩ እስካሁን አላለቀም አቦ

ጋሼ መጋላ፦
እኛ ያደግነው በቡና ነው። ምላጭ ቆረጠን ቡና፣ ድንጋይ ፈነከተን ቡና፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ ኳስ ስንጫወት ጠርሙስ ወጋን ቡና። ማን ሞተ? የዛሬ ልጆች እናቶቻችሁ ያደረጉትን ሁሉ ጎጂ ነው ማለት ትወዳላችሁ። ደሙ ሲቆም በአይኔ አይቻለሁ፣ በአይኔ ያየሁትን ማንም አያስክደኝም።

ባጃጅ ቀፊራ፦
ጋሼ ልክ ነዎት ግን እኔ ባጃጄ ላይ የተጫነ ሰው ሁሉ ቡና ተነስንሶበት ነው ሚመጣው፣ ወንበሬ ላይ ሚቀረው ጭቃ ነው ወላሂ ደምና ቡና ተቦክቶ። ደሙ ቆሞ ሚመጣ አላየሁም። እንደውም ሌላ ነገር ልጠይቅ፣ በገመድ ማሰር ሚባለውስ? አንዳንዱ እሰሩት ይላል አንዳንዱ ካሰራችሁት እጁ ይቆረጣል ይላል። እኛ ሾፌሮች መሀል ላይ ነን፣ ሰው ይጭንብንና በሩን ዘግቶ ሂድ ይለናል። አንዳንዴ ደሞ ካደረስክ በኋላ ቁም ቃል ስጥ ተብለህ የቀን ስራህ ይቀልጣል፣ ለዛ ነው ብዙ ልጆች ደም ያየ ሰው ሲጠራቸው ሳይሰሙ ሚያልፉት፣ እውነቱን እንነጋገር

ሲስተር ለገሃሬ፦
ድንገተኛ ክፍል ነው ምሰራው፣ የት እንደሆነ ይቅር። ጋሼ በአክብሮት፣ ያዩት እውነት ነው፣ ማንስማማው ምክንያቱ ላይ ነው። ትንሽ ቁስል ምንም ባይደረግለት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይረጋል። ቡና ቢያደርጉበት ይቆማል፣ በርበሬ ቢያደርጉበትም ይቆማል። ደግሞ እናትዎ ቡናውን ነስንሰው ምን ያደርጉ ነበር? በጨርቅ ጫን አርገው ይይዙታል። ያቆመው እሱ ነው፣ ምስጋናውን ቡናው ወሰደ እንጂ።

ትልቅ የደም ስር ሲቆረጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደሙ ልብ በመታ ቁጥር እየተገፋ ነው ሚወጣው ስለዚህ የነሰነስከውን ሁሉ ይዞት ይወጣል። ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ ሲረጭብህ አሸዋ አትበትንበትም፣ ቀዳዳውን ነው በእጅህ ምትይዘው አይደል? ይሄም እሱ ነው። የአዋቂ ሰው ደም ጠቅላላው 5 ሊትር አካባቢ ነው። ከዛ ውስጥ አንድ የ 2 ሊትር ሃይላንድ ሚያህል ከሄደ ሰውየው ሞት አፋፍ ላይ ነው። ህጻን ልጅ ደሞ 10 ኪሎ ሚመዝን ከሆነ ጠቅላላ ደሙ 1 ሊትር እንኳ አይሞላም፣ ለልጅ ትንሽ ሚመስል ደም ትልቅ ነው። ዋናው የጭን ደም ስር ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ ማንም ካልያዘው ሰው በጥቂት ደቂቃ ያልፋል፣ ቡና ተወቅጦ እስኪመጣ አይጠብቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ ልብሱን ቅደዱ ወይ ቁረጡ፣ ደሙ ከየት እንደሚወጣ በአይናችሁ እዩ። ሰው ሱሪው ላይ ጨርቅ ደርቦ ደርቦ ይይዛል፣ ስር ግን ደሙ ሌላ ቦታ ነው ሚፈሰው። ከዛ በእጅ ያላችሁ ንጹህ ነገር፣ ሻሽ ይሁን ነጠላ ይሁን ሽርጥ፣ ቀዳዳው ላይ በትክክል አርጋችሁ ተጫኑ። መጫን ስል መንካት አይደለም። ሰውየውን መሬት ላይ አስተኝታችሁ፣ አንድ መዳፍ በሌላው ላይ ደርባችሁ፣ ክርናችሁን ሳታጥፉ በሰውነታችሁ ክብደት። ይጮሃል፣ ይጩህ። ጓንት ከሌለ እጃችሁን ፌስታል ውስጥ ክተቱ። እና ቢያንስ 10 ደቂቃ ቆመ እንዴ ብላችሁ እንዳትገልጡ! መግለጥ የጀመረውን መርጋት ነቅሎ ይዞት ነው ሚነሳው። እዚህ አገር ደም ሚያፈሰው ግማሹ ጉጉት ነው፣ አምስት ሰው ተራ በተራ ገልጦ ያያል።

ጋሼ መጋላ፦
ሲስተር አነጋገርሽ ደስ ይላል። ግን ቡናው ጉዳቱ ምንድነው? ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል?

ሲስተር ለገሃሬ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ጋሼ። አንደኛ ጊዜ ይበላል፣ ቡና ፍለጋ ጎረቤት ሲሮጥ ቁስሉን ማንም አልያዘውም። ሁለተኛ ቁስሉን ይሸፍነዋል፣ እኛጋ ሲደርስ ጅማት ተቆርጦ ይሁን ስባሪ መስታወት ውስጥ ቀርቶ አይታይም። አንድ ሰአት ሙሉ በሳላይን እያጠብን በፒንሳ ፍሬ ፍሬውን እንለቅማለን፣ በሽተኛው ደሞ በዛ ሁሉ ሰአት ይሰቃያል። የቀረ ካለ ውስጡ ይመግላል። አመድና አፈር ሚያደርጉማ ቴታነስ እየጋበዙ ነው፣ የቴታነስ ዘር ያለው አፈርና የከብት እበት ውስጥ ነው። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ላምባ፣ ስኳር፣ ሁሉንም አይቻለሁ። አንዴ በረኪና ያፈሰሰ ሰው መጥቷል።

ለትንሽ ጭረት በንጹህ ውሃና በሳሙና ታጥቦ መሸፈን በቂ ነው። የሚፈስ ትልቅ ቁስል ግን አታጥቡት፣ እሱ የኛ ስራ ነው፣ የናንተ ስራ መያዝ ብቻ ነው።

አስር አለቃ፦
እኔ ድሮ ውትድርና ላይ የተማርኩትን ልንገራችሁ። እጅ ወይ እግር ከሆነ ከቁስሉ በላይ ታስራለህ፣ በየ 15 ደቂቃው ግን ታላላለህ ደም እንዲደርሰው፣ አለዚያ እግሩ ይበሰብሳል። ይሄ የተፈተነ ነው

ሲስተር ለገሃሬ፦
አስር አለቃ ለአገልግሎትዎ ክብር አለኝ ግን እሱ ትምህርት ተቀይሯል። በየ 15 ደቂቃው ባላሉት ቁጥር ሰውየው የቀረችውን ደም በጭልፋ በጭልፋ ያፈሳል፣ የጀመረው መርጋትም ይፈርሳል። እግሩ ይተርፋል ሰውየው ግን አይተርፍም። አንዴ ከታሰረ ሚፈታው ሆስፒታል ነው።

እጅ ይቆረጣል ሚባለው ፍርሃት ደሞ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ በድሮ ጦርነቶች ቁስለኛው ታስሮ ግማሽ ቀንና ከዛ በላይ ሳይደርስለት ይቀር ነበር። አሁን የአጥንት ሀኪሞች ኦፕራሲዮን ላይ ራሳቸው አስረው ነው ሚሰሩት፣ እስከ 2 ሰአት ድረስ ብዙ አይሰጉም። እ.ኤ.አ. በ2006 ባግዳድ በነበረ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል ቱርኒኬት (ከቁስሉ በላይ ጥብቅ አርጎ ደም ሚያቆም ማሰሪያ) የታሰረላቸው 232 ቁስለኞች ተጠንተው በቱርኒኬቱ ምክንያት እግሩ ወይ እጁ የተቆረጠ አንድም ሰው አልተገኘም። ደም አልቆባቸው ሾክ ውስጥ ከመግባታቸው፣ ማለትም ሰውነታቸው በደም ማነስ ከመዳከሙ በፊት የታሰረላቸው ከ10ሩ 9ኙ ተርፈዋል፣ ከዛ በኋላ የታሰረላቸው ግን ከ10ሩ አንዱ ነው የተረፈው። ስለዚህ ጥያቄው ልሰር አልሰር ሳይሆን ፈጥኜ አስሬያለሁ ወይ ነው። ከደንገጎ ቁልቁለት ላይ ወደ ድሬ ሆነ ወደ ሐረር ብትነዳ 2 ሰአት አይሞላም እኮ።

ባጃጅ ቀፊራ፦
እሺ ሲስተር በምን እንሰር? እኛጋ ያለው ሲባጎና የፍሬን ሽቦ ነው 😅

ሲስተር ለገሃሬ፦
ሽቦና ሲባጎ በፍጹም! ቀጭን ነገር ስጋውን ይቆርጣል፣ ነርቭ ይጎዳል፣ ደሞ ውስጥ ድረስ ገብቶ ዋናውን ደም ስር አይዘጋም። ከሁሉ ሚብሰው ለስለስ ተደርጎ የታሰረ ነው። ለምን በሉኝ፣ ደም ወደ ክንድ ሚያስገባው ስር ጥልቅ ነው ግፊቱም ሀይለኛ ነው፣ ሚመልሰው ስር ደሞ ከላይ ነው ደካማም ነው። ላላ አርገህ ካሰርክ መመለሻውን ዘግተህ መግቢያውን ክፍት ተውከው ማለት ነው፣ ደሙ መሄጃ አጥቶ በቁስሉ ይወጣል፣ ካለመታሰሩ የባሰ ይፈስሳል። የመስታወት ቤቱ ልጅ ላይም ሲባጎው ይሄን ሳያደርግ አልቀረም።

ሽርጥ አለህ አይደል ባጃጅህ ላይ? ርዝመቱን ይዘህ አራት ጣት ሚያህል ስፋት እስኪኖረው እጠፈው። ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ከፍ ብለህ፣ ክርን ወይ ጉልበት ላይ ሳይሆን ከዛ በላይ፣ አዙረህ አንዴ ቋጥረው። ቋጠሮው ላይ ካቻቢቴ አስቀምጥና በላዩ ድጋሚ ቋጥር። ከዛ ካቻቢቴውን አዙረው፣ አዙረው፣ ደሙ ቀጥ እስኪል። ደሙ ከቆመ በኋላ ካቻቢቴው እንዳይመለስ በተረፈው ጨርቅ እሰረው። ቁስሉ የት እንደሆነ ካላወቅክ ወይ ከጨለመ የክንዱ ወይ የጭኑ ላይኛ ጫፍ ድረስ ወጥተህ እሰር። አንዱ ካልበቃ ከሱ በላይ ሁለተኛ ይታሰራል።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። በጣም ያመዋል። ፍቱልኝ ሞትኩ ይላል፣ እናቱ አጠገቡ ካለች ትለምናችኋለች። ካላመመው አልጠበቀም ማለት ነው። እንዳትፈቱለት።

ደሞ የታሰረበትን ሰአት ግንባሩ ላይ ወይ እጁ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፣ "ከቀኑ 9፡20 በኛ" ብላችሁ ግልጽ አርጉት ምክንያቱም ሪፈር ከተባለ የሚቀበለው ሰው በፈረንጅ ሰአት ሊያነበው ይችላል፣ የ6 ሰአት ልዩነት እዚህ ላይ ቀልድ አይደለም።

የሳቢያን ልጅ፦
ካቻቢቴ ሲሰማ እኔ ራሴ አሞኛል

የጀጎል ልጅ፦
ከሐረር ሰላም ብያለሁ። እኛጋ በአረፋ ቀን ሁሉም ቤት አራጅ ይሆናል፣ ቢላ ይዞ ማያውቅ ልጅ ሁሉ በግ ይገፋል። አንድ ዘመዳችን ቢላውን ወደራሱ እየሳበ አጥንት ሲለይ አምልጦት እዚህ ብሽሽቱ ጋ ገባ። ጭን ቢሆን እናስራለን፣ ብሽሽት ላይ ምን ይታሰራል? ያኔ አንድ የግመል ስጋ ነጋዴ ሰፈራችን ያሉ ሽማግሌ ወላሂ ሳያስቡ ጉልበታቸውን ነው ብሽሽቱ ላይ ያሳረፉት፣ መኪና እስኪመጣ ድረስ አልተነሱም። ሰው ገደሉት ብሎ ሲጮህባቸው ነበር። ሆስፒታል ያዳኑት እሳቸው ናቸው ተባለ

ሲስተር ለገሃሬ፦
እኚህን ሽማግሌ እጃቸውን ስሙልኝ። ማንም ሳያስተምራቸው ትክክለኛውን ነው ያደረጉት።

ብሽሽት፣ ብብት፣ የአንገት ስር አይታሰርም። እዛ ቦታ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ላዩን ብትጫነው ደሙ ውስጥ ውስጡን ይፈስሳል። ስለዚህ ይጠቀጠቃል። ጎዝ ወይ ንጹህ ጨርቅ በረዥሙ ቀድዳችሁ በአንድ ጣት ጫፍ ቁስሉ ውስጥ ደሙ ሚመጣበት ጥግ ድረስ ትከታላችሁ፣ ሙቅ ሆኖ ሚገፋህ ነገር ይሰማሃል እሱ ላይ ነው ጨርቁ ማረፍ ያለበት። ጣትህን ሳታነሳ በሌላው እጅ ቀጣዩን ጨርቅ ትጨምራለህ፣ እያፈራረቅክ እስኪሞላና ከቆዳው በላይ እስኪቆለል። ከዛ በላዩ በሁለት እጅ ወይ እንደ ሽማግሌው በጉልበት። ጨርቁ ምን ያህል እንደሚገባ ብታዩ ትደነግጣላችሁ፣ አንድ ሙሉ ሻሽ ይጨርሳል።

ደረትና ሆድ ግን አይጠቀጠቅም። አንጀት ከወጣ መልሳችሁ እንዳትከቱ፣ በንጹህ ውሃ በራሰ ጨርቅ ሸፍናችሁ ውሰዱት።

ተማሪ ሐረር፦
የህክምና ተማሪ ነኝ፣ ሲስተር ያለችው በሙሉ ልክ ነው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር ወይ ልከራከር። ድሮ ጨርቁ በደም ከራሰ አታንሱት በላዩ ደርቡ ነበር ሚባለው፣ ብዙ ሰው እሱን ነው ሚያውቀው። ግን ደርበህ ደርበህ ትራስ ካከለ ግፊቱ ተበታተነ ማለት ነው፣ ቀዳዳው ላይ ሚደርስ ነገር የለም። አንዴ ደርበህ አሁንም እየፈሰሰ ከሆነ ቦታውን ስተኸዋል፣ አንስተህ ደሙ ሚመጣበትን ነጥብ ፈልገህ እዛው ላይ ተጫን ወይ ጠቅጥቅ

ሲስተር ለገሃሬ፦
ልክ ነህ፣ ግን ይሄን ለህዝብ ስትነግረው ተጠንቀቅ ወንድሜ። አንሱት ካልከው በየ 2 ደቂቃው ነው ሚያነሳው። አንዴ ደርቡ፣ ካልቆመ አንዴ ብቻ አንስታችሁ ቦታ አስተካክሉ፣ በዚህ እንስማማ።

ተማሪ ሐረር፦
ተስማምተናል። እጅ ወደላይ ማንሳት ሚባለውም ለብቻው ደም እንደሚያቆም ማስረጃ የለውም። አይጎዳም፣ ግን ሰው እጁን አንስቶ መጫኑን ይተዋል፣ ችግሩ እሱ ነው። ሌላው፣ ፈጥኖ መድረስ ለመስፋት ብቻ አይደለም። ትራኔክሳሚክ አሲድ ሚባል መድሃኒት አለ የረጋው ደም እንዳይሟሟ ሚያደርግ፣ እ.ኤ.አ. 2010 ላይ በ40 አገር ከ20 ሺህ በላይ ጉዳተኞች ላይ ተሞክሮ ሞት እንደሚቀንስ ታይቷል። ግን ከተጎዳ በ3 ሰአት ውስጥ መሰጠት አለበት፣ ከዛ ካለፈ አይጠቅምም እንደውም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ወጌሻ ቤት ከዛ ሆስፒታል ሚባለው መንገድ 3 ሰአቷን ይበላታል

ሚሚ ከዚራ፦
ስለ ውሃውስ? ያቺ እናት ውሃ አጠጡት ያሉት እኮ ልጁ ጠማኝ ብሎ ይሆናል። በዚህ የድሬ ሙቀት ሰው ደም ፈሶት ውሃ ሲከለከል ጭካኔ አይመስልም?

ሲስተር ለገሃሬ፦
ሚሚዬ ጥማቱ ራሱ የደም ማነስ ምልክት ነው፣ ሰውነቱ ፈሳሽ አጣሁ እያለ ነው። ግን በአፉ ምትሰጪው ውሃ ደም አይተካም፣ ራሱን ከሳተ ደሞ አስመልሶት ወደ ሳንባው ይገባል። ኦፕራሲዮንም ሊገባ ይችላል፣ ለዛ ደሞ ሆዱ ባዶ ቢሆን ይሻላል። ከንፈሩን በራሰ ጨርቅ ማርጠብ ትችያለሽ። ጥማት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ መንጣት፣ መቁነጥነጥ፣ አጉል መለፍለፍ ካየሽ ደሙ እያለቀ ነው። አስተኚው፣ አልብሺው፣ 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውዪ፣ ከዘገየ ያገኘሽው መኪና ላይ። ግን መኪና ላይ ስትጭኑትም አንድ ሰው ቁስሉን ይዞ አብሮ ይሄዳል፣ ለሾፌሩ ብቻ አሳቅፋችሁ እንዳትልኩት ባጃጁ ወንድማችን እንዳለው።

የሳቢያን ልጅ፦
አልብሺው? ሲስተር በ38 ዲግሪ ሰው ብርድ ልብስ ይደርባል እንዴ ኧረ አቦ 😂 እኛ እንደውም ፊቱ ላይ ውሃ ነው ምንረጨው

ሲስተር ለገሃሬ፦
ሳቅ፣ ግን እውነቴን ነው። ደም ያነሰው ሰው ሙቀት ማምረት ያቅተዋል፣ ድሬም ላይ ይቀዘቅዛል፣ በተለይ ልብሱ በደም ርሶ ባጃጅ ላይ ንፋስ እየመታው። የቀዘቀዘ ደም ደሞ አይረጋም። መቀዝቀዝ፣ የደም አሲድ መጨመርና አለመርጋት ሶስቱ እየተጋገዙ ነው ሚገድሉት። ነጠላ ወይ ጋቢ ይበቃል። ፊቱ ላይ ውሃ መርጨት ተዉ፣ ተኝቶ ሳይሆን ደሙ አልቆ ነው።

ሚሚ ከዚራ፦
አንድ የመጨረሻ፣ ልጄ በሙቀት ጊዜ አፍንጫው ይነስረዋል፣ እናቴ ጭንቅላቱን ወደኋላ አርጋ ቀዝቃዛ ውሃ ነው ምታፈስበት

ሲስተር ለገሃሬ፦
ወደኋላ ሲያደርግ ደሙን ይውጠዋል፣ ከዛ ያስመልሰዋል፣ እናንተ ደሞ ደም አስመለሰው ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ቁጭ አርገሽ ወደፊት ጎንበስ ይበል፣ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል እንጂ አጥንቱን ሳይሆን በሁለት ጣት ጥብቅ አርገሽ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዢው፣ በአፉ ይተንፍስ። እዚህም መግለጥ የለም።

አንድ ነገር ግን ለድሬ ሰው ለብቻው ልንገር። ደንጌ ሚባለው በትንኝ ሚተላለፍ፣ ደም ሊያደማ ሚችል የትኩሳት በሽታ እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬ ላይ ከታየ ወዲህ ትኩሳት ያለው ልጅ አፍንጫው ወይ ድዱ ከደማ ነስር ነው ብላችሁ ቤት አታስቀምጡት። ደሞ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ፣ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ ከደንጌ ጋር አደጋ ናቸው። ፋርማሲ ሄዳችሁ ለራስ ምታት ጠንከር ያለ ስጡኝ ምትሉት እዚህ ላይ ይቅር።

ሀዊ፦
ሴቶችን የረሳችሁን መሰለኝ። እኛጋ የወለደች ሴት ብዙ ሲፈስሳት ቆሻሻ ደም ነው ይውጣላት ይባላል። አክስቴ ከዚህ የተነሳ ልትሞት ነበር፣ ሶስት ጨርቅ ቀየረች ገንፎ እያበሏት

ሲስተር ለገሃሬ፦
ሀዊ እግዜር ይስጥሽ። ቆሻሻ ደም ሚባል የለም። ከወሊድ በኋላ ግማሽ ሊትርና ከዛ በላይ ከፈሰሰ አደጋ ነው ተብሎ ነው ሚያዘው፣ አንድ ሞዴስ በአንድ ሰአት ውስጥ ሙሉ ከራሰ ወደ ጤና ተቋም ነው፣ ገንፎው ይደርሳል። መንገድ ላይ ሆድዋን ከእምብርቷ በታች አጥብቃችሁ እሹት ማህጸኑ እንዲጠነክር፣ ሽንቷን ትሽና፣ ህጻኑን ጡት ታጥባው። ይሄ ለብቻው ረዥም ወሬ ነው ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

አስር አለቃ፦
ቢላ ወይ ፌሮ ተሰክቶ ከቀረስ? እኛ እንነቅል ነበር

ተማሪ ሐረር፦
አይነቀልም አለቃ። የገባው ነገር ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖት ሊሆን ይችላል። ግራና ቀኙን በጨርቅ ከበው እንዳይነቃነቅ አርገው እንደተሰካ ይውሰዱት። ፌሮው ረዥም ከሆነ ይቆረጣል እንጂ አይጎተትም።

ባጃጅ ቀፊራ፦
በኤች አይ ቪ እንፈራለን ደሞ፣ ማንም አያወራውም እንጂ ሰው ማይነካው ለዛ ነው

ሲስተር ለገሃሬ፦
ደህና ቆዳ ላይ ደም ስለነካህ አይተላለፍም። እጅህ ላይ ቁስል ካለ ወይ አይንህ ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ ታጥበህ ሳታድር ጤና ተቋም ሂድ፣ መከላከያ መድሃኒት አለ፣ ከ72 ሰአት በፊት መጀመር አለበት ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ለሄፓታይተስ ቢ ደሞ ክትባት አለ። ጓንት ጥንድ ጥንዱን ፋርማሲ ይሸጣል፣ አራት ጥንድ ባጃጅህ ኪስ ውስጥ አድርግ። ከጎኑ ሁለት ጥቅል ጎዝ፣ አንድ ሰፊ ፋሻ፣ አንድ መቀስ። መቀስ ሁሉም ይረሳዋል፣ ጂንስ በጥርስ አይቀደድም።

ጋሼ መጋላ፦
እኔ ለምላጭ ቁስል ቡናዬን አልተውም። ለትልቁ ግን እሺ፣ እንጫናለን።

የሳቢያን ልጅ፦
ጋሼ ግማሽ መንገድ መጡ 😂 ሲስተር አንድ እሁድ ሳቢያን መጥተሽ ብታሳዪን ልጆቹን እሰበስባለሁ፣ መስታወት ቤቱም ብየዳ ቤቶቹም ይመጣሉ። በንባብ ብቻ እጅ አይለምድም

ሲስተር ለገሃሬ፦
እመጣለሁ፣ ተረኛ ካልሆንኩ። ከፍራሽ ቤት ቁራጭ ስፖንጅ ለምኑ፣ ወፈር ያለ ይሁን፣ መሀሉን በቢላ ሰንጥቁት ጣት እንዲያስገባ። ስጋ ቤት ያለው ሰው ካለ ደሞ አጥንት ያለው ጭን ይሻላል፣ እጅ ላይ ሚሰማው ስሜት ለእውነተኛው ይቀርባል። የመጠቅጠቅ ልምምዱ በሱ ነው። ለማሰሩ ደሞ የራሳችሁን ክንድ ትጠቀማላችሁ፣ ለ10 ሰከንድ ብቻ።

ባጃጅ ቀፊራ፦
ሽርጡ የጥጥ ነው ወይስ የናይለን? የኔ ሚያንሸራትት ነው

ሲስተር ለገሃሬ፦
የጥጥ። ሚያንሸራትተው ቋጠሮ አይዝም።